የነፍስ አባት በአንኮበር ቤቶች

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ደጋው እንደ ግንብ ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ከእግሩ በታች የአልዩ አምባን የገበያ አገር፣ ከዚያም ወዲያ ዓይን እስኪታክት ድረስ የተዘረጋውን የአፋርን ሜዳ አይቶ ይደነቃል፤ የሸዋ መሳፍንት ከአምኃ ኢየሱስ ጀምሮ መናገሻቸውን በዚህ ከፍታ ላይ ያደረጉበትንም ምክንያት ሌላ አስረጅ ሳያስፈልገው ይረዳል። የአንኮበርን ነገር የጻፉ ሰዎች፣ የአገር ተወላጆችም ሆኑ የውጭ መልእክተኞች፣ ብዙውን ጊዜ ዓይናቸው ያረፈው በንጉሡ አጥር፣ በጠመንጃው፣ በግብሩና በውሉ ላይ ነው። ጋሻና ጦር ሳይዝ፣ ደጅ ሳይጠና፣ በየሰዉ ቤት እስከ ጓዳ የሚገባውን፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራውን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመምና ሲሞት ከቤቱ የማይታጣውን ሰው ግን በእግረ መንገድ ጠቅሰውት ያልፋሉ። እርሱም የነፍስ አባት ነው።

በዘመናችን የቤተሰብ ምክር የሚባለው ሙያ በከተሞቻችን እየተስፋፋ ሲሄድ፣ መካሪው ክርስቲያን የሆነ እንደ ሆነ የራሱን ሃይማኖትና የራሱን የኑሮ ሚዛን ከደጅ ትቶ ይግባ ወይስ ይዞት ይግባ የሚል ክርክር ተነሥቷል፤ ክርክሩም ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለናል። የአንኮበር ሰው ግን ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ሲመረምረው ኖሯል፤ እኔ እንደማምነውም መልስ አግኝቶለት ነበር። መልሱም መካሪው እምነቱን ይሰውር የሚል ሳይሆን፣ እምነቱ በግልጥ ይታወቅ፣ ባለቤቶቹም አውቀው ይምረጡት የሚል ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንስሐም ተክሊልም ከ7ቱ ምሥጢራት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ኃጢአትን የሚሰማው ጆሮና ጋብቻን የሚባርከው እጅ የአንድ ክህነት ናቸው። የነፍስ አባት ግን እንደ ገበዝ ወይም እንደ አለቃ በሹመት አይመጣም፤ አባወራው ከደብሩ ካህናት መካከል ጠባዩን፣ ትምህርቱን፣ ይልቁንም ምሥጢር ጠባቂነቱን አይቶ፣ «አባቴ ይሁኑኝ» ብሎ ለምኖ ያገኘዋል። ካህኑ እሺ ካለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት የንስሐ ልጁ ነው፤ በበዓል ቀን መጥቶ ጸበል ይረጫል፣ ማዕዱን ይባርካል፣ የታመመውን ይጠይቃል፣ የሞተውን በፍትሐት ይሸኛል፣ በ40ኛው ቀን ተዝካሩን ያወጣል። ብዙ ጊዜም ይህ ዝምድና ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳልና፣ የነፍስ አባት የቤቱን የ2 ትውልድ ጠብና እርቅ በልቡ ይዞ የሚኖር ሰው ነበረ።

በባልና በሚስት መካከል ጠብ ሲነሣ ሥራው እንዴት እንደ ነበረ ማየት ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ነውና። ሚስት ኮብልላ ወደ ወላጆቿ ቤት ከገባች በኋላ፣ የባል ዘመዶች ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት የነፍስ አባት ይጠራል፤ እርሱም ሁለቱን በየብቻቸው ይሰማል። «አባ፣ አልመለስም» የምትለውን ሴት «ልጄ» እያለ እስክትጨርስ ድረስ የሚያዳምጣት፣ ቃሏን ብቻ ሳይሆን ከቃሏ በታች ያለውን የሚመዝን ሰው ነው፤ ምክንያቱም ባልየው በንስሐ ጊዜ የነገረውን፣ እርሷም በሌላ ቀን የተናዘዘችውን አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ኃይሉም ፈተናውም ነበረ። በኑዛዜ የሰማውን ነገር አንዲቱን ቃል እንኳ ለሌላው መግለጥ በክህነቱ ላይ መፍረድ ስለ ሆነ፣ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ፣ ሽማግሎቹን ወደ እውነቱ በዘዴ እየመራ፣ በደለኛው በራሱ አፍ እንዲያምን ማድረግ ነበረበት። ኋላ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እርሱ መስቀሉን አሳልሞ ያስታርቃል፤ ለበደሉም ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ብሎ ቀኖና ይሰጣል። እንቢተኛ ቢገኝ የመጨረሻ መሣሪያው ግዝት ነው፤ «ገዝቼሃለሁ» የተባለ ሰው እስኪፈታ ድረስ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ነውና፣ በጎረቤቱም ዘንድ ፊቱ ይጠቁራል።

ቀኖናውን ለመስጠት ካህኑ ፍትሐ ነገሥትንና ፈውስ መንፈሳዊን መሠረት ያደርጋል፤ ሆኖም መጻሕፍቱ ራሳቸው የነፍስ ሐኪም የበሽተኛውን አቅም አይቶ መድኃኒቱን እንዲያቀልና እንዲያከብድ ፈቅደውለታል። የመካሪው የራሱ ሚዛን ወደ ሰው ቤት የሚገባው በዚች በር ነው። መጽሐፉ አንድ፣ ጠቡም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ካህን የሴትን ዝምታ ከምግባር ሁሉ አብልጦ ስለሚወድ የተገፋችውን «ታገሺ» ብሎ ይመልሳታል፤ ሌላው የወንድን ስካርና ዱላ አብዝቶ ስለሚጠላ፣ ባልየውን ሳይቀጣ ሴቲቱን አልመልስም ይላል። ሁለቱም በመስቀሉ ስም ይናገራሉ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንደበት የሚወጣው ምክር አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት የአገሩ ሰው አሳምሮ ያውቀው ነበር፤ ልጁን ሲድር የሙሽራውን የነፍስ አባት ጠባይ የሚጠይቅ አባት ቢኖር ያለ ብልሃት አልነበረም።

ከዚህም የሚጠልቅ ሌላ ነገር አለ። የአጥቢያው ቄስ ከመቀሰሱ በፊት በቁርባን ያገባ ሰው ነው፤ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፣ ቢፈታት ክህነቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ይህ ሰው በማይፈታ ጋብቻ ውስጥ እየኖረ፣ የሚፈታ ጋብቻ ያላቸውን ሰዎች ይመክራል ማለት ነው፤ በቤቱ የጨለመ ቀን ሲመጣ መውጫ የሌለው ሰው፣ መውጫ ያለውን ሰው «አትውጣ» ሲለው ቃሉ ከራሱ ሕይወት የተነሣ ስለሆነ ክብደት አለው፤ ነገር ግን የራሱን ዕጣ በሌላው ላይ እንዳይጭንም ያሠጋል። መነኩሴው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። ትዳርን ያየው ከወላጆቹ ቤት ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዱ ዓለምን ስለ ናቀ የባልንና የሚስትን ጠብ ከንቱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱ ግን ለራሱ የሚሻው ነገር ስለሌለው ለማንም ሳያደላ ይፈርዳል። እኔን የጠየቀኝ ቢኖር፣ ለቤት ጠብ ባለትዳሩን ቄስ፣ ለወንድማማች የርስት ክርክር መነኩሴውን እመርጥ ነበር።

የጋብቻው ዓይነትም ይህን ነገር ያጠነክረዋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ወደ አንኮበር የመጡ እንግዶች እንደመሰከሩት፣ አብዛኛው ሰው የሚጋባው በምስክሮች ፊት በንጉሥ ስም እየማለ በሰማንያ ነበር፤ በቁርባን የሚጋባው ጥቂት ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጋብቻ የሚናገረውን 24ኛውን አንቀጽ ያስቀመጠው በመጀመሪያዎቹ 22 የመንፈሳዊ ሥርዓት አንቀጾች ውስጥ ሳይሆን በሥጋዊው ፍትሕ ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል። ሰዉ ቁርባኑን የሚሸሸው ስለ ናቀው አይደለም፤ ይልቁንም ስለሚፈራው ነው። ቁርባን የማይፈታ ማሰሪያ ነውና ወጣቶች ይቆዩና፣ ልጆች ወልደው አሳድገው፣ ሥጋ ሲደክም ባልና ሚስት ተያይዘው ይቆርባሉ። ጥብቅ የሆነው የነፍስ አባት ይህን መዘግየት እንደ ድፍረት ቆጥሮ በየበዓሉ ይገሥጻል፤ ለስለስ ያለው ግን ገና ባልጠና ትዳር ላይ የማይፈታ ቀንበር ከመጫን፣ ጥቂት ይሰንብት ይላል። ስለዚህ በአንኮበር አንድ ቤት መቼ እንደሚቆርብ የሚወሰነው በባለቤቶቹ ልብ ብቻ ሳይሆን በካህኑም ልብ ነበረ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በዚያው ጓዳ ውስጥ ባሮች ነበሩ፤ ክርስትና ተነሥተው ከጌቶቻቸው ጋር የሚጾሙ፣ በኩሽናውና በወፍጮው ላይ የሚደክሙ። ፍትሐ ነገሥት ባሪያን ነፃ ማውጣትን ከመልካም ሥራ ይቆጥረዋል፤ ሆኖም ለባልና ለሚስት ሰላም ብዙ የደከመው የነፍስ አባት በእነዚህ ላይ የሚያየው የዘመኑ ዓይን ነበረና፣ የቤቱ ሰላም ሲባል የእነርሱ ኀዘን በሂሳብ አይገባም ነበር። የመካሪ ሕሊና ምንጊዜም ከዘመኑ ጋር የተጋመደ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

በእምነት የሚሰጥ ምክር ሲከፋም ሲሠምርም የታየበት የቆየ ታሪክ በዚሁ በሰሜን ሸዋ አለ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳለ፣ ካህናት ሕዝቡን በሰንበታት እንዲያስተምሩ ያዘዙ፣ ራሳቸውም መጽሐፈ ብርሃንን የደረሱ የሃይማኖት ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ያ ቅንዓት ወደ ገዛ ቤታቸው ሲዞር እጅግ ጨከነ። ልጆቻቸው ጣዖት አምልከዋል ተብለው ተከስሰው ተቀጡ፤ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም በግርፋት ምክንያት ሞተች። ልጁ ስለ እናቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ በወሰደ ጊዜ አባትየው ተቆጥተው ሊያጠፉት ደረሱ። በአባትና በልጅ መካከል ገብተው ያስታረቁ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ናቸው፤ በእነርሱም ምልጃ ልጁ ከመትረፍ አልፎ አልጋ ወራሽ ሆነ። ንጉሡና መነኮሳቱ በአንድ ወንጌል የሚያምኑ ነበሩ። ያን ቤት ያፈረሰውም እምነት ነው፤ ከፍርስራሹ የተረፈውን ያነሣውም እምነት ነው። ልዩነቱ፣ አንዱ ከሥልጣን ጋር ሆኖ መፍረዱ፣ ሌላው ያለ ሥልጣን መለመኑ ነው።

ወደ አንኮበር እንመለስ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ሊቃውንት በክርስቶስ ልደት ነገር ተከፍለው፣ ከፊሉ ሦስት ልደት፣ ከፊሉ ሁለት ልደት ይሉ ነበር። ክርክሩ በሊቃውንት ጉባኤ ሲቆይ ጉዳቱ ለሊቃውንቱ ብቻ ነበረ፤ ነገር ግን ንጉሡ ወደ ሦስት ልደት ወገን ካዘነበሉ በኋላ፣ በ1834 ዓ.ም. ገደማ ይህን ትምህርት የማይቀበል ካህን ከደብሩ እንዲወጣ በአዋጅ ተነገረ። ከደብሩ የተባረረው እያንዳንዱ ካህን የአንድ ወገን መምህር ብቻ አልነበረም፤ የብዙ ቤቶች የነፍስ አባት ነበረ። ያ ሰው ሲሄድ ባልየው የተናዘዘው ምሥጢር፣ ሚስትየዋ ያመነችበት ጆሮ፣ ገና ያላለቀው እርቅ አብሮት ሄደ፤ በቦታው የተተካው አዲሱ ካህንም በቤቱ የተመረጠ ሳይሆን በቤተ መንግሥት የተመረጠ ነበረ። በኋላ የአገሩ ጳጳስ አቡነ ሰላማ በበኩላቸው ንጉሡን አወገዙ። ነገሩ እየተንከባለለ ቆይቶ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ባደረጉት ጉባኤ ላይ፣ ምኒልክም በተገኙበት፣ ሦስት ልደት ተረታ፤ ትናንት አሳዳጅ የነበረው ወገን ዛሬ ተራው ደረሰ። ስለ ቦሩ ሜዳ የሚጽፉ ሰዎች የሚያነሡት የሃይማኖትን አንድነትና የመንግሥትን ፖለቲካ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቤተሰብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ 2 ጊዜ የነፍስ አባቱን በአዋጅ መነጠቁን ከሁሉ አብልጬ አዝንበታለሁ።

በዚያው ዘመን ከውጭ የመጡ መካሪዎችም ነበሩ። በ1831 ዓ.ም. የመጣው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እስከ 1834 ዓ.ም. ሸዋ ተቀምጦ፣ ልጆችን እያስተማረ፣ መጽሐፍ ቅዱስን እያደለ፣ በንጉሡም ዘንድ ከብሮ ነበር፤ ነገር ግን ጾምንና የቅዱሳንን ምልጃ የማይቀበል፣ ትዳርም የያዘው ከሸዋ ከወጣ በኋላ በግብፅ አገር የሆነ ሰው፣ በትጋቱና በንጹሕ ሕይወቱ ቢከበርም፣ በአንኮበር ጓዳዎች መካሪ ሊሆን አልቻለም። ሰዉ ከእርሱ መድኃኒትና ዕውቀት ፈለገ፣ የነፍስ አባትነትን ግን አልፈለገም፤ ይህም የእምነቱ ልዩነት በግልጥ ስለታወቀ ማንም ሳይታለል የተወሰነ ነገር ነበረ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ ደግሞ በ1833 ዓ.ም. መጥቶ ቆይቶ፣ በ1836 ዓ.ም. በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ ታመው ነፍሳቸውን በፈሩበት ወራት፣ እንደ ጥንቱ የመሳፍንት ልማድ በጎንጮ እስር ቤት ይኖሩ የነበሩ 7 የንጉሥ ዘሮች እንዲፈቱ መክሮ፣ እነርሱም ተፈቱ። ሐሪስ ምስጋናውን ለራሱ ምክር ይሰጣል። እኔ ግን የሕማሙ ፍርሃትና የካህናቱ የዘወትር ተግሣጽ መሬቱን ሳያለሰልሱት የባዕድ ሰው ዘር በአንድ ወቅት ይበቅላል ብዬ አላምንም።

በአንኮበር የተፈጸመ አንድ ጋብቻ ደግሞ የዚህን ሁሉ ምክር ፍሬ ያሳያል። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ሸዋን ከያዙ በኋላ፣ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ብዙ ዓመት የኖሩት ያለ ቁርባን ነበረ፤ ያም ትዳር የባፈና እጅ አለበት ከተባለው የ1869 ዓ.ም. ዐመፅ በኋላ እየላላ ሄዶ ፈረሰ። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔዓለም ጣይቱ ብጡልን ሲያገቡ ግን በቁርባን ሆነ፤ በዕድሜያቸው ሁለቱም ልጅ አልነበሩም፣ ከዚያ በፊትም ሌላ ትዳር አይተዋል። ከዚህ ጋብቻ ልጅ አልተወለደም፤ ልጅ አለመውለድ በሰማንያ ጋብቻ ብዙ ቤት ያፈረሰ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቤት እስከ ምኒልክ ዕረፍት እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ 30 ዓመት ጸና። ቁርባኑ ብቻ አጸናው አልልም፤ የሁለቱ ብልሃትና መፈቃቀር ነበረበት፤ ነገር ግን በመድኃኔዓለም መቅደስ የተቀበሉት ማሰሪያ በክፉው ቀን መውጫውን በር ዘግቶባቸው እንደ ነበር አይካድም።

በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የትዳር ነገርም ቀስ በቀስ ከካህኑ እጅ ወደ ሕግ እጅ አለፈ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ሰጥቶ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ፍቺን ለፍርድ ቤት አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የተሻሻለው ሕግ ዳኛው ተጋቢዎቹን መክሮ፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሎች እንዲታረቁ ሊያደርግ እንደሚችል መደንገጉ የሚያስመሰግን ነው፤ «በመረጧቸው» የምትለዋ ቃል የድሮው አባወራ «አባቴ ይሁኑኝ» ሲል ከነበረው ቃል ጋር ትገናኛለችና።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ቢሮ ከፍተው ባልና ሚስትን የሚመክሩ ክርስቲያኖች አሉ፤ ካህናትም ሰባኪዎችም ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ። ለእነዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የአንኮበር የነፍስ አባት ወደ ቤቱ ሲገባ ጥምጣሙ በራሱ ላይ፣ መስቀሉ በእጁ ነበረ፤ ምን እንደሚያምን፣ ስለ ፍቺ ምን እንደሚል፣ እርሱ ራሱ እንዴት እንደሚኖር የማያውቅ የንስሐ ልጅ አልነበረውም። ዛሬ በወንበር ላይ ተቀምጦ በሳይንስ ስም የሚናገረው መካሪ ግን መስቀሉ አይታይም፤ ሚስቲቱ «ታገሺ» ስትባል ከትምህርት የመጣ ምክር ይሁን ወይም ከመካሪው የግል እምነት፣ ለይታ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ባልና ሚስቱ ገና ከፊታችሁ እንደ ተቀመጡ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ የምታምኑትን ሳትጠየቁ ንገሯቸው፤ ሰምተው ሌላ መካሪ ልንፈልግ ነው ካሉም መርቃችሁ ሸኟቸው።